እንደ ልጄ ነው የማያት

በዩኒቨርሲቲው ግቢ ድምጿን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ፊቷን የሚያውቁት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዋናው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ስልክ ስታገናኝ ኖራለች። ክፍሏ መስኮት የላትም። አንድ ወንበር፣ አንድ የስልክ ማዞሪያ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የቢሮ ቁጥሮች ዝርዝር፣ በቃ። ከፕሮፌሰሩ እስከ ዘበኛው ሁሉም «ስልከኛዋ» ይሏታል። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር የሆነው ባሏ እንኳ ጓደኞቹ ስለ ቤቱ ሲጠይቁት «ስልከኛዋ ደህና ናት» ነበር መልሱ።

ተሰጥኦ ነበራት። ውጤቴ ጠፋ፣ ማመልከቻዬን የበላው ማነው ብሎ ደሙ ፈልቶ የደወለ ሰው፣ እሷ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ስትል ግማሹ ንዴት እዚያው ይወርድለታል። የቀረውን ግማሽ እያዳመጠች ታበርደዋለች። አታቋርጥም። በመሃል «እህ… እህ…» ትላለች፤ መጨረሻ ላይ «እውነትዎን ነው፣ እኔም ብሆን እናደድ ነበር» ትልና ወደሚመለከተው ክፍል ታሻግረዋለች። የሚመለከተው ክፍል ብዙ ጊዜ ስልክ አያነሳም።

አንድ ዓመት መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ከውጭ አገር ተማሪ የሚስብበት በጀት መደበለት። የውጭ ተማሪ የሌለው ዩኒቨርሲቲ ከሰው እኩል አይቆጠርም የሚል ነገር ከላይ ወርዶ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች ይከመሩበት የነበረው አዳራሽ ጸድቶ ምንጣፍ ተነጠፈበት፤ የመስታወት በር ተገጠመለት፤ ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቀለና «የውጭ ተማሪዎች ቅበላ ቢሮ» ተባለ። ኃላፊው ገና ሠላሳዎቹን የጀመረ፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ የሚወጣ ችኩል ሰው ነበር። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቢሮ እንድታገናኘው ደውሎ ድምጿን ሲሰማ፣ የፈለገውን ሰው ትቶ «ቆይ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አላት። በወሩ የዝውውር ደብዳቤዋ ደረሳት።

ሦስተኛ ፎቅ መስኮት አለው። የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ሥራ ሳትሠራ፣ መስኮቱ ጋ ቆማ በግቢው ውስጥ ስንት ዛፍ እንዳለ ስትቆጥር አረፈደች።

ሥራው እንዲህ ነው። ከድንበር ማዶ የዚህኑ አገር ቋንቋ የሚናገሩ፣ አነጋገራቸው ትንሽ ከበድ የሚል ሰዎች አሉ። ልጆቻቸው በብዛት ያመለክታሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ይቀበላቸዋል፤ ግን አይመጡም። ልጁ ይፈልጋል፣ ወላጅ ይይዘዋል። ስልከኛዋ ለወላጆቹ እየደወለች ማግባባት ነበረባት። ምን እንደምትል የሚነግራት ወረቀት ተሰጥቷታል፦ ዩኒቨርሲቲው ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ስንት የትምህርት ክፍል እንዳለው፣ ማደሪያው ተቆጣጣሪ፣ ክሊኒኩ ነርስ እንዳለው። የመጀመሪያውን ወር ወረቀቷን እንደ ጸሎት ስትደግም ከረመች። ወላጆቹ በትሕትና ያመሰግኗትና ስልኩን ይዘጋሉ። ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ ካርታው ላይ ከምትሰካው ቀይ መርፌ አንዲት እንኳ አልተሰካችም።

አንድ ቀን የደወለችላት እናት ገና «ሃሎ» ስትባል ማልቀስ ጀመረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ደረቱን ያመዋል።

«እዚያ ሲያመው ማን ያየዋል?» አለች እናትየዋ። «ነርስ አለ አትበይኝ። ነርስ ሥራዋን ጨርሳ ቤቷ ትገባለች። ማነው የሚያየው?»

ስልከኛዋ ወረቀቷን አየች። ወረቀቱ ላይ መልስ የለም። እሷም አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሕፃን ሳለች ወፍራም ስለነበረች «ድንቡሼ» የተባለች፣ አሁን ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቷት እንደ ሸንበቆ የቀጠነች። እሷን እያሰበች፣ ምንም ሳታሰላ፣ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«እኔ አለሁለት» አለች። «አይዞዎት። እንደ ልጄ ነው የማየው።»

እናትየዋ ለቅሶዋን አቆመች። «እውነት?» አለች። በሳምንቱ ልጁ ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ ቃሉን መልሳ ተናገረችው። ለሁለተኛው አባት፣ ለሦስተኛዋ አክስት፣ ለአሥረኛው አያት። በተናገረችው ቁጥር ከወዲያኛው ጫፍ ያ የታፈነ ትንፋሽ ሲለቀቅ ይሰማታል። ካርታው ላይ መርፌው በዛ። ኃላፊው ሚስጥሩን ሲጠይቃት ሳቅ ብላ ነገረችው፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ ጻፈው። በሚቀጥለው ወር በታተመው አዲሱ ወረቀት ላይ፣ ተራ ቁጥር አራት፣ እንዲህ ይል ነበር፦ «ወላጅ ሲያመነታ፦ እንደ ልጄ ነው የማየው/የማያት።» አዲስ የተቀጠሩ ሁለት ወጣት ሴቶች በእርሳስ እያሰመሩበት ያነቡት ጀመር።

ይህን ስታይ አልወደደችውም። ግን ሰው ለራሱ ምክንያት አያጣም። ሰው መንገድ ላይ ሲሰነባበት «ቤቴ ቤትህ ነው» ይል የለ? «ኑ ብሉ» ያለ ሁሉ ወንበር ስቦ ነው? የአነጋገር ወግ ነው፣ ማንም እንደ ውል አይይዘውም፣ አለች። ደግሞም የምትጠላቸው ልጆች አይደሉም። በልቧ ትወዳቸዋለች፤ ስማቸውን በቃሏ ታውቃለች።

ጫማ ሰሪው የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ የመጣው ማለት በስልክ። ከድንበር ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ጫማ የሚሰፋ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ሴት ልጆቹን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነበር። ትልቋ የውኃ ምሕንድስና ልትማር ተቀባይነት አግኝታለች። ሦስት ጊዜ ተነጋገሩ። በሦስተኛው ቃሏን ስትሰጠው፣ እንደ ሌሎቹ ቶሎ እፎይ አላለም።

«እህቴ፣ ልጅ አለሽ?» አላት።

«አለችኝ። አንዲት።»

«እንግዲያው የምትዪው ገብቶሻል ማለት ነው» አለ። ከዚያ «የእግርሽ ቁጥር ስንት ነው?» ሲል ጠየቃት።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ሠላሳ ስምንት» አለችው።

ትምህርት ሲከፈት ልጅቷ ከአውቶቡስ ወርዳ ከነሻንጣዋ በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ረዘም ያለች፣ ዓይኗን ከሰው ላይ የማትነቅል ልጅ ናት። በኋላ የዶርም ጓደኞቿ «ማዶ» የሚል ስም አወጡላት። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከሻንጣዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቡናማ ቆዳ ጫማ ነበር፤ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተደረደረ፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር።

«አባቴ ሰላም ብሎሻል» አለች። ከዚያ ፊቷ ቀላ አለና «አንቺ በማለቴ አትቆጪኝ። አባቴ ነው፤ እናትሽ ናት፣ እናት አንቱ አትባልም ብሎኛል።»

ሁለቱ ወጣት ሠራተኞች ጎንበስ ብለው ሳቃቸውን ዋጡ። ስልከኛዋ አልሳቀችም። ተነሥታ አቀፈቻት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ፤ ውሸት አልነበረም። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። «ነገ ነዪ እሺ፣ በደንብ እንጫወታለን» አለቻትና አነሳችው።

ማዶ በማግስቱ መጣች። ነገ ተብላ የለ! ስልከኛዋ ግን ስብሰባ ላይ ነበረች። በሌላ ጊዜ ስትመጣ የዶርሙ መስኮት መስታወት እንደሌለውና ሌሊት ብርድ እንደሚያስቸግራት ነገረቻት፤ ስልከኛዋ ለጥገና ክፍል ደወለች፤ ጥገና ክፍል ስልክ አላነሳም። ሌላ ጊዜ ጥርሷን አሟት መጣች፤ ወደ ክሊኒክ ማስታወሻ ጻፈችላት። በእያንዳንዱ ጊዜ «የኔ ቆንጆ» ትላታለች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ደግሞ ጆሮዋና ትከሻዋ መሃል የተያዘ ስልክ አለ። ሌላው ወላጅ እየጠበቃት ነው። ለመሳብ የተመደበው በጀት ሰው ያስመጣል እንጂ ከመጣ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚል መስመር የለበትም፤ ቢሮው ውስጥ የመጣ ተማሪ የተሰካ መርፌ ነው። ማዶ ይህን ማንም ሳይነግራት ገባት መሰለኝ፤ አመጣጧ እየሳሳ ሄደ።

ከዚያ የሴሚስተሩ ዕረፍት ደረሰ። በዕረፍት ጊዜ ዶርሞቹ ለጥገናና ለተባይ መድኃኒት ርጭት ሃያ ሦስት ቀን ይዘጋሉ፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነው። የአገሩ ልጅ ቤቱ ይሄዳል። የውጮቹ የት እንደሚሄዱ የጠየቀ ሰው የለም፤ ድሮ የውጭ ተማሪ አልነበረማ።

ሐሙስ ቀን ማዶ የመስታወቱ በር ላይ ቆመች። ቢሮው ግርግር ላይ ነበር። ሰኞ ከሚኒስቴሩ የሚመጡ ሰዎች ሥራውን አይተው በጀቱ ይቀጥል አይቀጥል የሚሉበት ቀን ነው። ምንጣፉ እየታጠበ፣ ካርታው እየተወለወለ፣ ኃላፊው ኮቱን አውልቆ ላይ ታች እያለ ነበር።

«እናቴ» አለች ማዶ ቀስ ብላ፣ «ዶርሙ ሊዘጋ ነው።»

«አውቃለሁ የኔ ቆንጆ። አነጋግርልሻለሁ» አለች ስልከኛዋ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። «ሰኞ ትለፍልኝና።»

«ቅዳሜ ነው የሚዘጋው።»

«እሺ፣ እሺ፣ አነጋግራለሁ።»

ማዶ «እሺ» ብላ ሄደች። ስልከኛዋ «ቅዳሜ» የሚለውን ሰምታዋለች። ኋላ ራሷን ስትመረምር ይህን አልካደችም። ሰምታዋለች፤ ግን በጆሮዋ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት እንግዶቹ መጡ። ኃላፊው ስልከኛዋን አስነሥቶ «እስቲ ለእንግዶቻችን የምንሠራውን ይንገሯቸው» አላት። ጫማ ሰሪው የሰፋላትን ጫማ ተጫምታ ነበር፤ ከጫማዎቿ ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። በዚያ በሚያረጋጋ ድምጿ ተናገረች፤ መጨረሻ ላይ «እንደ ልጆቻችን ነው የምናያቸው» አለች። አንደኛዋ እንግዳ አንገቷን ነቅንቃ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። አጨበጨቡ። በጀቱ ቀጠለ፤ እንዲያውም ተጨመረበት።

ዶርሙ በተዘጋ በአሥረኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ጫማ ሰሪው ነበር።

«እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ምን ብዬ ላመስግንሽ ብዬ ነው የደወልኩት።»

«ምን አደረግሁ ደግሞ?»

«ኧረ ልጄ ነግራኛለች። ዶርሙ ሲዘጋ ቤትሽ ወሰድሻት፤ ከልጅሽ ጋር አንድ ክፍል ነው የምናድረው አለችኝ። ሰው ዘመድ ላይ የማያደርገውን።»

ስልከኛዋ አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት እውነቱን መናገር ትችል ነበር፤ አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

«ምን አለበት» አለች። «ልጄ አይደለች?»

«እስቲ አገናኚኝ፣ ድምጿን ልስማው።»

ሥራ ቦታዋ መሆኗ እንኳ ጠፋት። «ተኝታለች» አለች።

«እ» አለ ሰውየው። «እሺ፣ ተዪያት ትተኛ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጣ ተነሣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ ደረጃውን ወረደች። ዶርሙ በር ላይ ተቆጣጣሪዋ ሹራብ እየሠራች ተቀምጣለች።

«ያቺ ረጅሟ፣ ከማዶ የመጣችው፣ የት ሄደች?»

«ቅዳሜ ለታ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች» አለች ተቆጣጣሪዋ ከሹራቧ ቀና ሳትል። «የት ልትሄጂ ነው ብላት እናቴ ቤት አለችኝ።»

ስልከኛዋ ቤተ መጻሕፍት ሄደች፤ ካፍቴሪያው ተዘግቷል፤ ክሊኒኩ ውስጥ የለችም። በመጨረሻ ከውጭ የመጣ አንድ ተማሪ፣ በኋላ በር በኩል ካለው ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትሠራ አይቻታለሁ አላት።

ማጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው። ከፊት የታጠበና የተተኮሰ ልብስ በላስቲክ ተሸፍኖ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላ ማሽኖቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እንፋሎቱ ፊት ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይለጠፋል። ማዶ ተቀምጣ የሰው ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። ከበላይዋ ልብስ የሚደረደርበት የእንጨት ቆጥ አለ፤ ቆጡ ላይ፣ በተጣጠፉ አንሶላዎች መካከል፣ ሻንጣዋ ይታያል። እዚያ ነበር የምታድረው። ግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ የሳለው የሚመስል ቀይ ጠባሳ አለ።

ማዶ ስታያት ካውያውን አስቀምጣ ተነሣች። ጥፋት የሠራችው እሷ የሆነች ይመስል ደነገጠች።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ?» አለች ስልከኛዋ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሽ ነበር» አለች ማዶ፤ ወቀሳ አልነበረም፣ እንዲሁ እውነቱን ነው።

«ለአባትሽ ቤቷ ነኝ አልሽው።»

«ታዲያ ምን ልበለው? የሚያምነው አንቺን ነው። እሷ ቤት አይደለሁም ብለው ኖሮ…» ማዶ የሸሚዙን እጅጌ ማጠፍ ጀመረች። «አንቺን ውሸታም እንዳላደርግሽ ብዬ ነው።»

ስልከኛዋ እንፋሎቱ መሃል ቆማ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት፣ ወፈር ያለች ሴትዮ፣ ከማሽኑ ኋላ ብቅ ብላ «ዘመዷ ነሽ?» አለቻት። ስልከኛዋ ሻንጣውን ከቆጡ አወረደች።

ያን ቀን ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ ቤቷ ወሰደቻት። ማዶ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ የተቀበለችው ልብስ አላለቀማ! ሾፌሩ ባል ማታ ገብቶ ልጅቷን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ ሳሎን ያለውን ሶፋ ለራሱ አነጠፈ። ድንቡሼ ግን ሁሉንም ሰማች፤ ቤቱ ጠባብ ነው። ማዶ ለመታጠብ ስትገባ እናቷን ኩሽና ውስጥ ያዘቻት።

«እማዬ፣ ለሌሎቹም እንዲህ ነው የምትያቸው? እንደ ልጄ እያልሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስንት እህትና ወንድም አለኝ?»

ድንቡሼ ቀልዳ ነበር፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ቀልዱ አፏ ላይ ቀረ። ስልከኛዋ ቁጥሩን ታውቀዋለች። ስልሳ አራት ነበሩ።

በማግስቱ ከቢሮ ሳይሆን ከራሷ ስልክ ለጫማ ሰሪው ደወለች። ሁሉንም ነገረችው፦ ሐሙስን፣ ቅዳሜን፣ ቆጡን፣ ጠባሳውን፣ «ተኝታለች» ያለችውን። ድምጿ አልታዘዛት አለ፤ ሌላ ጊዜ ሰው የምታባብልበት ድምፅ ዛሬ እየተሰነጠቀ ነው።

«ተኝታለች ስትዪኝ ነው ያወቅኩት» አለ ጫማ ሰሪው። «ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀን ተኝታ አታውቅም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ስሚ እህቴ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሆነ አላውቅም። ስንት ፎቅ እንዳለው አልጠየቅኩሽም። ልጄን የሰጠሁት ለአንቺ ነው።» ከዚያ ሰላምታም ስድብም ሳይጨምር ስልኩን ዘጋው።

ኃላፊውን ለማነጋገር ሁለት ቀን ፈጀባት። ሁለት ነገር ነበር የምትጠይቀው፦ ተራ ቁጥር አራት ከወረቀቱ እንዲወጣ፣ ከበጀቱም ጥቂቷ ልጆቹ በዕረፍት ለሚያድሩበት እንድትውል። ኃላፊው እስክትጨርስ ሰማት። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ሞክሬያለሁ እኮ» አላት። «ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነበር። ይሄ ገንዘብ ማምጫ ነው እንጂ ማኖሪያ አይደለም አሉኝ። ለሌላ ነገር ካዋልኩት እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ቃሉስ? ቃሉን ማውጣት ይችላሉ።»

ዓይኑን ወደ ካርታው አዞረ። «ቃሉን ካወጣነው ማን ይመጣል?»

እሷም በወንበሯ ተቀመጠች፤ የስልሳ አራቱን ዝርዝር አወጣች፤ ከላይ ጀምራ መደወል ያዘች። አራት ቀን ፈጀባት። ለእያንዳንዱ ቤት ስሟን ተናግራ እንዲህ ትላለች፦ «ልጅዎን እንደ ልጄ አያለሁ ብዬ ነበር። አላየሁም። ዶርሙ በዕረፍት ይዘጋል፤ ልጅዎ የት እንዳደረ እባክዎ ይጠይቁት።» ሁለቱ ወጣት ሠራተኞች መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ በሁለተኛው ቀን አንደኛዋ ተነሥታ በሩን ዘጋችላት።

አንዱ አባት እስኪበቃው ሰደባት። አንዲት አያት መርቃት «ስለነገርሽን» አለቻት፤ ስድቡ ይሻላት ነበር። መጀመሪያ ቃሉን የሰጠቻት፣ ያቺ ያለቀሰችው እናት፣ ልጇ ደረቱን አሞት ሁለት ሳምንት አንድ የክፍል ጓደኛው ቤት እንደተኛ ከዚያ ስልክ በኋላ ነው የሰማችው። ብዙዎቹ ግን ያሏት ሌላ ነበር። «እኛም እኮ ሰው እንደሚለው ነው ያልሽው ብለን ነው፤ አይክበድሽ» አሏት። ይሄ ያሳርፈኛል ብላ ስትጠብቅ፣ አላሳረፋትም። ሌላው ሰው ቃሏን እንደ ወግ ቢሰማውም፣ ጫማ ሰሪው እንደ ቃል ሰምቶታል።

ሦስት ተማሪዎች ወላጆቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። የቀሩት ወላጆች የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ስልክ አጨናነቁት። በወሩ መጨረሻ ስልከኛዋ ሌላ ደብዳቤ ደረሳት፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመልሳለች። ለሚቀጥለው ዕረፍት ግን ከዶርሙ አንድ ፎቅ ክፍት እንዲሆን ተወሰነ። ይህን ለማስወሰን አንድ ገጽ ደብዳቤና ሁለት ፊርማ ብቻ እንደበቃ ስትሰማ፣ ከደረሰባት ሁሉ ይበልጥ ያቃጠላት ይሄ ሆነ። ከባድ ነገር ቢሆን ኖሮ «አልቻልኩም» ትል ነበር። ከባድ አልነበረም። በጊዜው አልጠየቀችም እንጂ።

ማዶ እነሱ ቤት አሥራ ሦስት ቀን ቆየች። ዕቃ ታጥባለች፤ ድንቡሼን ሒሳብ ታስጠናለች፤ ሾፌሩ ስለ አውቶቡሱ ሞተር ሲያወራ እየጠየቀች ታዳምጠዋለች። ሁሉም ወደዷት። ዶርሙ ሲከፈት ስልከኛዋ «እዚሁ ሁኚ» ብላ ለመነቻት። ማዶ ፈገግ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም አስቸገርኩዎት» አለቻት።

«አስቸገርኩዎት።» ስልከኛዋ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዶ አንቺ ብላት አታውቅም። ግቢ ውስጥ ሲገናኙ ሰላም ትላታለች፤ ጤናዋን ትጠይቃለች፤ ቅሬታ ፊቷ ላይ አይታይም። አንድም ቀን ግን አንዳች ነገር አልጠየቀቻትም።

ሦስት ዓመት አለፈ። ማዶ ጥሩ ውጤት ይዛ ተመረቀች። በምረቃው ቀን ስልከኛዋ አልሄድም ብላ ነበር፤ ድንቡሼ ናት ጎትታ የወሰደቻት። ሕዝቡ መሃል አንድ አጠር ያለ፣ ጣቶቹ በቆዳ ቀለም የጠቆሩ ሰው ከታናሿ ልጁ ጋር ቆሟል። ስልከኛዋ ራቅ ብላ «እንኳን ደስ አላችሁ» ስትል ሰውየው ዞረ። ያወቃት በድምጿ ነው።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ማዶ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ለመነሣት ራቅ ብላለች። ሰውየው እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው፤ እንደ ሰሌዳ የጠነከረ እጅ ነው።

«ተቆጥቼብሽ ነበር» አለ። «አሁንም ትንሽ አለ። ግን ደውለሽ ነግረሽኛል።» ከዚያ አጠገቡ ወደቆመችው ልጅ ጠቆመ። «ይቺ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ናት። እዚህ ካልገባሁ ብላ አስቸግራኛለች። አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ልላካት?»

ይህን ጥያቄ ስንቱ ጠይቋት፣ ስንቱን አግባብታ ነበር! አሁን ግን ቸኩላ አልመለሰችም።

«ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ልጅዎ ምስክር ናት» አለች። «በዕረፍት አንድ ፎቅ ክፍት ይሆናል፤ ግን ውኃ አንዳንዴ ይጠፋል። ክሊኒኩ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። ጥገና ክፍል ስልክ አያነሳም። ቤቴ ትርፍ ክፍል የለውም፤ ብትመጣ ግን ሶፋው አለ። እንደ ልጄ አላያትም። እንደ ሰው ልጅ አያታለሁ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልሰጥዎትም።»

ጫማ ሰሪው ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። «ያኔም እኮ የጠየቅኩሽ ይሄንን ነበር» አለ። «እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምናልባት እልካት ነበር።»

«አሁንስ?»

«ላስብበት።»

ማዶ ተመልሳ መጣችና አባቷን ክንዱን ያዘችው። ሄዱ። ስልከኛዋና ድንቡሼ ሾፌሩ በሚነዳው አውቶቡስ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ባሏ በመስታወቱ እያያት «ምን አለሽ?» አላት።

«ላስብበት አለኝ።»

ታናሽየዋ አልመጣችም። እዚያው አገሯ፣ ከቤቷ ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ኮሌጅ ገባች፤ ይህን የነገረቻት ማዶ ናት፣ ከወራት በኋላ፣ በስልክ፣ ሌላ ጉዳይ ልታስፈጽም ደውላ። ስልከኛዋ ስትሰማ ደስ ይበላት ወይስ ይክፋት አላወቀችም። ማዶን ወደ ሬጅስትራር ከማገናኘቷ በፊት «ደህና ነች ወይ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። «ደህና ናት» አለች ማዶ፣ «አባቴ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች።»